ሽንቱ የት ይሄዳል? ለሳይንሳዊ ልብወለድ የለይቶ ማከሚያ መሣሪያ ስትፈጥሩ

ቀን ቀን የሕክምና መሣሪያ እጠግናለሁ፤ ማታ ማታ ሳይንሳዊ ልብወለድ እጽፋለሁ። ሁለቱ ሥራዎቼ ለብዙ ዓመት አይተዋወቁም ነበር። ያስተዋወቋቸው አንዲት አንጋፋ ነርስ ናቸው። በጠፈር መርከብ ላይ ስለተነሳ ወረርሽኝ የጻፍኩትን የመጀመሪያ ታሪኬን እንዲያነቡልኝ ሰጠኋቸው። በታሪኩ ውስጥ ታማሚዎቹ የሚተኙበት «ቀፎ» የሚባል መሣሪያ አለ፤ ከመስታወት የተሠራ፣ እንቁላል የመሰለ፣ ዙሪያውን ድፍን፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚረጭ። ታማሚው ይገባል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ከ12 ቀን በኋላ ድኖ ይወጣል። ኮርቼበት ነበር። ሲስተር ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ግን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፦ «ሽንቱ የት ይሄዳል?»

መልስ አልነበረኝም። የሚያሳፍረው ደግሞ የሽንት ከረጢት የተንጠለጠለበት አልጋ ሥር ተንበርክኬ ገመድ ስቀጥል የምውል ሰው መሆኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያ ስፈጥር ከግድግዳው አልጀምርም፤ ከቀዳዳዎቹ እጀምራለሁ። እናንተም ባዶ ወረቀት ውሰዱና አንድ ሰው ላይ ክዳን ከገጠማችሁ በኋላ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ጻፉ። አየር፣ ውሃ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ለምርመራ የሚቀዳ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ትውከት፣ ሙቀት፣ ድምፅ፣ የነርሷ እጅ፣ መጨረሻ ላይም ራሱ ሰውየው፣ ድኖ ወይም ሞቶ። ለእያንዳንዱ መተላለፊያ ያስፈልጋል፣ መተላለፊያው ሁሉ ደግሞ ዘበኛ ይፈልጋል። ዘበኛው ማጣሪያ ሊሆን ይችላል፣ ቫልቭ ሊሆን ይችላል፣ የደከማት ሴት ልትሆን ትችላለች። ታሪካችሁ የሚሾልከው ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ማን ነው የሚተኛበት?

ለይቶ ማቆያና ለይቶ ማከሚያ ሲምታቱ ያናድደኛል፤ ሁለቱ የተለያየ ማሽን ይጠይቃሉና። ለይቶ ማቆያ የሚገባው ለበሽታው ተጋልጧል የተባለ፣ ግን ያልታመመ ሰው ነው። ያዛጋል፣ ይበሳጫል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ በር ይደበድባል። ለይቶ ማከሚያ የሚገባው የታመመው ነው፤ እሱ ራሱን ማዞር እንኳ ያቅተዋል። ለመጀመሪያው ሰፋ ያለ ቦታ፣ መስኮትና የሚያወራው ሰው ስጡት። ለሁለተኛው ጠባብ ቦታ ይበቃዋል፤ ከአራቱም ጎን እጅ የሚደርስበት ይሁን እንጂ። አብዛኛው የፊልምና የልብወለድ ካፕሱል ጤነኛውን በታማሚው ማሽን ውስጥ ያስተኛዋል። ሰውየው ለምን እንደማያብድ ማንም አይጠይቅም።

ቀጥሎ የበሽታችሁ ምልክት እስኪታይ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ወስኑ፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ኳራንቲን የሚለው ቃል የመጣው በቬኒስ ሰዎች አነጋገር 40 ቀን ከሚለው ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1377 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ራጉሳ የምትባለው የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ ቸነፈር ካለበት ቦታ የሚመጣ ሰው ከመግባቱ በፊት 30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ደንግጋለች። የኢቦላ ምልክት ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ ስለዚህ የተጋለጠ ሰው 21 ቀን ይጠበቃል። የአፖሎ 11 ጠፈርተኞችም በ1969 ከጨረቃ ሲመለሱ የተለዩት ለ21 ቀን ነው፤ ከጨረቃ ጀርም ይዘው መጥተው እንደሆነስ ተብሎ። መጀመሪያ የገቡበት ክፍል ከካራቫን ተለውጦ የተሠራ፣ የውስጡ የአየር ግፊት ከውጭው ዝቅ ያለ ቤት ነበር። የሰው ልጅ ከሌላ ዓለም ለተመለሱ ሰዎች የሠራው የመጀመሪያው ለይቶ ማቆያ ተሳቢ መኪና ነበር ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በጣም የሚያብረቀርቅ መሣሪያ መጻፍ ትቻለሁ።

ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘስ? ኬን ማቲንግሊ የአፖሎ 13 አብራሪ ነበር። በ1970 ሩቤላ የሚባል ተላላፊ በሽታ ለያዘው ሰው ተጋልጧል ተብሎ ሊነሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ከጉዞው ወረደ። መንኮራኩሯ ላይ ፍንዳታ ደረሰ፤ እሱ መሬት ላይ ሆኖ ጓደኞቹ የሚመለሱበትን ዘዴ ሲፈልግ ነበር። ሩቤላው ጭራሽ አልያዘውም። ሐኪሞቹ አልተሳሳቱም፣ ሰውየውም አልታመመም። ሁለቱም አብረው እውነት መሆናቸው ለደራሲ ትልቅ ሲሳይ ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ ከእኛ የሚጠበቀው ታማሚ። ዴቪድ ቬተር በ1971 በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖረው ተወለደ፤ በ1984 በ12 ዓመቱ እስኪሞት ዕድሜውን ሁሉ ማለት ይቻላል በፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ኖረ። የእሱ አየር የሚገፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ የተላላፊ በሽታ ታማሚ አየር የሚሳበው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለቱን ካስገባችሁና አንድ ሰው ማብሪያውን ካሳሳተ… ይህን ገና አልጻፍኩትም፤ የቀደመኝ ይውሰደው።

አየሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ፤ ታሪክ ይሆናል። ቀፎዬ 2 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል፣ ማለትም 2,000 ሊትር። ዝም ብሎ የተኛ አዋቂ ሰው በደቂቃ ወደ 250 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይወስዳል፣ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሳል። ክዳኑ ተዘግቶ ፋኑ ቢቆም በ5 ሰዓት ውስጥ 60 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ ይህ ከጠቅላላው 3 በመቶ ነው። በዚህ መጠን ራስ ይፈልጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ሰው ይጨነቃል። ኦክስጅኑ ግን በዚያው ጊዜ ከ21 በመቶ ወደ 17 በመቶ ገደማ ነው የወረደው። «ኦክስጅን እያለቀበት ነው!» የሚል ገጸ ባሕሪ ሳነብ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። ቀድሞ የሚያሰቃየው ራሱ ያወጣው ትንፋሽ ነው። ትኩሳት ካለው ደግሞ ይፈጥናል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሰውነት ፍጆታ ከ10 እስከ 13 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰው ተኝቶም ወደ 100 ዋት ሙቀት ያመነጫል፤ እንደ ድሮው አምፖል። ስለዚህ መስታወቱ በላብና በትንፋሽ ይደበዝዛል። ያ የሚያምር፣ ፊት ጥርት ብሎ የሚታይበት ካፕሱል በ20 ደቂቃ ውስጥ የመታጠቢያ ቤት መስኮት ይሆናል።

አየሩ ስለዚህ መቀያየር አለበት። በሆስፒታል የአየር ወለድ በሽታ ክፍል ውስጥ በሰዓት ቢያንስ 12 ጊዜ ይቀየራል፤ የውስጡ ግፊትም ከውጭው ቢያንስ በ2.5 ፓስካል ያንሳል። እኛ ኔጋቲቭ ፕሬሸር የምንለው ይህን ነው። 2.5 ፓስካል ምን ያህል እንደሆነ ልንገራችሁ፦ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ የውሃ ንጣፍ የሚጫነውን ያህል ነው። እጅ አይሰማውም። ለመፈተሽ ቀጭን ሶፍት ቀድጄ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት እይዘዋለሁ፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነን። ውድ መለኪያ እያለም ይህን አደርጋለሁ፤ መለኪያ ይበላሻል፣ ሶፍት ግን አይዋሽም። ገጸ ባሕሪያችሁ ስክሪን ላይ አረንጓዴ መብራት አይታ «ሁሉም ሰላም ነው» ከምትል፣ ክር በጣቷ አንጠልጥላ ክሩ ወደ የት እንደሚያዘነብል ትይ።

አንድ የምወደው ቁጥር አለ። አየሩ በሰዓት 12 ጊዜ የሚቀየር ከሆነ፣ ታማሚው ከወጣ በኋላ በአየር ላይ ከቀረው ጀርም 99 በመቶው እስኪጸዳ 23 ደቂቃ፣ 99.9 በመቶው እስኪጸዳ 35 ደቂቃ ይፈጃል። አሁን በር ላይ ሌላ ታማሚ አስቀምጡ፤ ትንፋሹ እየቆረጠ ነው፣ ያለው አንድ ቀፎ ብቻ ነው፣ የቀደመው ከወጣ 23 ደቂቃ ሆኖታል። ቀሪዎቹን 12 ደቂቃዎች እኔ አልጽፍላችሁም።

የሚሳበው አየር የት ይሄዳል? መሬት ላይ ከሆናችሁ አጣርታችሁ ወደ ሰማይ ትለቁታላችሁ። መርከብ ላይ ከሆናችሁ ግን አየር ወርቅ ነው፤ ወደ ውጭ መጣል አትችሉም። ተጣርቶ ወደ መርከቡ ይመለሳል። ሠራተኞቹ በሙሉ የታማሚውን ትንፋሽ እየተነፈሱ ነው፤ በመሃል ያለው አንድ ማጣሪያ ብቻ ነው። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮ ሜትር የሆነውን ብናኝ 99.97 በመቶ ያስቀራል። ብዙ ሰው «ቫይረስ ከዚያ ያንሳል፣ ስለዚህ ያልፋል» ይላል፤ ስህተት ነው። 0.3 የተመረጠው ለማጣሪያው በጣም አስቸጋሪው መጠን በዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። ከዚያ የሚተልቀው ከክሮቹ ጋር ይጋጫል፤ በጣም የሚያንሰው ደግሞ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ስለሚሄድ በመጨረሻ ከክር ላይ ይለጠፋል። በመርከቡ ላይ ይህን የማያምን አንድ ሰው ይኑር። ሒሳቡን የምታውቀው ሴት ልታስረዳው ትሞክር፤ እሱ ግን ጭምብሉን አያውልቅ።

ማጣሪያው ሲሞላስ? በመርከቡ ላይ እጅግ የቆሸሸው ዕቃ እሱ ነው፣ የሚቀይረውም ሐኪሙ አይደለም። የእኔ ዓይነቱ ሰው ነው። እኔ ማጣሪያ ስፈታ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ጭምብል አድርጌም ቢሆን። ምንም እንደማይፈይድ አውቃለሁ። የእናንተም ቴክኒሺያን ይያዝ።

የአየሩን ነገር ሳልጨርስ፣ ከራሴ ታሪክ የጣልኩትን ስህተት ልንገራችሁ። በሁለተኛው ረቂቅ የመርከቡ ግድግዳ ተሸነቆረ፣ አየር መውጣት ጀመረ፤ «በቀፎው ውስጥ ያሉት ግን ደህና ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ። ፊዚክሱ ሌላ ይላል። ቀፎው የሚሠራው የውስጡ ግፊት ከውጭው ስላነሰ ነው። የውጭው ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል፤ የውስጡ ይበልጣል፣ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይተፋል። ታማሚዎቹ ሳይነኩ መርከቡ በሙሉ ይበከላል። ስህተቴ ከታሪኬ የተሻለ ታሪክ ነበር።

እጁ

ለካፕሱላችሁ በእውነተኛው ዓለም የቅርብ ዘመዱ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ኢንኩቤተር ነው። ግልጽ ግድግዳ፣ የሚቆጣጠሩት ሙቀትና እርጥበት፣ ከጎን እጅ የሚያስገቡባቸው ክብ በሮች አሉት። ብዙ ጠግኛለሁ። አንዴ ሠርቼ ስጨርስ ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ አስገብቼ ክቡን በር ከውጭ ዘጋሁት፤ እንደ ጥይት ጮኸ። ከውጭ ቆሞ የሚሰማው ጠቅ የምትል ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መፍቻዬን ክዳን ላይ አላስቀምጥም። ታማሚያችሁ የሚሰማውን ስትጽፉ ይህን አስታውሱ፦ የማያቋርጥ የፋን እምምታ፣ የሰው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ታፍኖ፣ ጣት መስታወቱን ሲነካ ግን ነጎድጓድ።

ለአዋቂዎችም ተመሳሳይ ነገር አለ። ለንደን በሚገኘው ሮያል ፍሪ ሆስፒታል በ2014 የኢቦላ ታማሚዎች የታከሙት ትሬክስለር በሚባል፣ አልጋውን በሙሉ በሚሸፍን ግልጽ የፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ሠራተኞቹ ከድንኳኑ ጋር በተያያዘ እጅጌና ጓንት ይሠራሉ። አሊማ የተባለው የእርዳታ ድርጅት ደግሞ «ኩብ» የሚባል ግልጽ ክፍል ሠርቶ በ2018 በዴሞክራቲክ ኮንጎ ተጠቅሞበታል። ነርሶቹ ያን የሚያፍን ሙሉ ልብስ ሳይለብሱ ከውጭ ሆነው እጃቸውን ይሰድዳሉ፣ ቤተሰብም ፊት ለፊት ቆሞ ያያል። ሙሉውን ልብስ ለብሶ በሙቀት ውስጥ የሚሠራ ሰው ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማያልፍ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

እጅጌው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቁመቱ ተወስኗል፤ ነርሷ አጭር ከሆነች በጣቶቿ ቆማ ትሠራለች፣ ረጅም ከሆነች ወገቧ ይቀጠቀጣል። ጓንቱ ወፍራም ነው፤ ደም ሥር በጣት ጫፍ ፈልጎ ማግኘት ሌላ ጥበብ ይሆናል። ከራሴ ቀፎ የተረፈችኝ አንዲት ምልልስ አለች፤ ከመሣሪያው ዝርዝር በሙሉ ይልቅ ሰዎች የሚያስታውሱልኝ እሷን ነው፦

«ልጄ፣ እጅሽ ለምን እንዲህ ይቀዘቅዛል?»

«እጄ አይደለም አባባ። ጓንቱ ነው።»

«እስኪ ትንሽ ያዢኝ፤ ይሞቅ ይሆናል።»

«ታዲያ ሮቦት አይሠራውም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሠራዋል፤ ሮቦቱን የሚያዘው ሰው የት እንዳለ ብቻ ንገሩን። በ2001 ኒውዮርክ የነበሩ ሐኪሞች ስትራስቡርግ የተኛችን ታማሚ በሮቦት እጅ የሐሞት ከረጢቷን አውጥተዋል፤ ትእዛዙ ደርሶ ምስሉ እስኪመለስ የሚፈጀው ከአንድ ሰከንድ እጅግ ያነሰ ነበር። ጨረቃ ላይ ምልክት ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይወስዳል፤ ይህ ገና ይቻላል፣ ያንገፈግፋል እንጂ። ማርስ ላይ ግን ለመሄድ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ደም ሥር ተቆርጦ ዜናው ምድር እስኪደርስ ታማሚው አልቋል። ስለዚህ ወይ ሮቦቱ ለራሱ ይወስናል፣ ወይ እዚያው አንዲት ነርስ አለች። እኔ ነርሷን እመርጣለሁ፤ ቴክኒሺያን ስለሆንኩ ሮቦት ማመን ይከብደኛል።

ሽንቱ

ወደ ሲስተር ጥያቄ ደረስን። መጀመሪያ የመሰለኝ የንጽሕና ጥያቄ ነበር። ሄጄ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። ሽንት ወሬ ነጋሪ ነው። አንድ 60 ኪሎ የሚመዝን ታማሚ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ካልወጣው ኩላሊቱ ወይም የደም ዝውውሩ ችግር ላይ ነው። ከረጢቱ ላይ ያለው መስመር ከብዙ ስክሪን ይቀድማል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው የሕክምና መሣሪያ የኮሌራ አልጋ ነው። መሃሉ የተቀደደ አልጋ፣ ከሥሩ መስመር የተሰመረበት ባልዲ። ኮሌራ የበረታበት ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊወጣው ይችላል። ነርሷ ባልዲውን ታያለች፣ የወጣውን ያህል በደም ሥር ወይም በአፍ ትመልሳለች። በጊዜ ፈሳሽ ከተሰጣቸው ታማሚዎች የሚሞቱት ከ1 በመቶ በታች ናቸው። ቀዳዳው ራሱ ሕክምናው ነው።

ይህ የመጀመሪያ ታሪኬን ሌላ ጉድ አወጣብኝ፦ ቀፎዬ «ያድን» ነበር። እንዴት እንደሚያድን አልጻፍኩም፤ ሰማያዊው ብርሃን ነገሩን ይሸፋፍነው ነበር። አዲስ በሽታ ሲመጣ መድኃኒት የለም። ያለው ፈሳሽ መተካት፣ ኦክስጅን መስጠት፣ ትኩሳት ማብረድ፣ ማገላበጥ፣ ሰውነቱ ራሱ ተዋግቶ እስኪያሸንፍ ጊዜ መግዛት ነው። መሣሪያችሁ የሚሸጠው ጊዜን ከሆነ አንባቢ ያምናችኋል። ከቀፎዎቹ በአንዱ ያለው ሰው ቢሞትም መሣሪያው ስለተበላሸ አይሆንም።

ክብደት በሌለበት መርከብ ላይ የኮሌራ አልጋ አይሠራም፤ ምንም ነገር ወደ ታች አይወርድም፣ ታች የሚባል የለምና። ፈሳሹን በሳክሽን መሳብ አለባችሁ፣ ሳክሽን ይጮኻል፣ ቱቦው ይደፈናል። የተጠራቀመውንስ? ምድር ላይ በክሎሪን እናክመዋለን። በተዘጋ መርከብ ውስጥ ግን የበረኪና ሽታ የሚወጣበት መስኮት የለም፤ ሁሉም ሰው ያስላል። በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ መቀቀል ይሻላል፤ ያ ደግሞ ኃይል ይበላል። ዋና መሐንዲሷ ለሞተሩ ወይስ ለሰገራ ማብሰያው ኃይል እንደምትሰጥ ስትከራከር አንድ ገጽ ጽፌአለሁ፤ ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው እሱ ነው።

ሰማያዊውን ብርሃን በአጭሩ ልጨርሰው። ጀርም የሚገድለው አልትራቫዮሌት 254 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው ሲሆን ዓይን አያየውም፤ የምናየው ሰማያዊ ከመብራቱ አብሮ የሚወጣ ትርፍ ነው። ጥላ ያለበት ቦታ አይደርስም። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ሰው የተኛበት ካፕሱል ውስጥ ካበራችሁት ታማሚውን እየጠበሳችሁት ነው።

የሚጮኸው ነገር

ሲስተር አንድ ቀን ጠሩኝና «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ጩኸት ዝም አሰኚልኝ» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ 6 ሞኒተር ነበር፣ ሁሉም ይጮኻል። አንዱ ገመዱ ስለላላ፣ አንዱ ታማሚው ስለተንቀሳቀሰ፣ አንዱ ባትሪው ስላነሰ። እውነተኛው አደጋ ሲመጣም ከእነዚህ የተለየ ድምፅ የለውም። ነርሶች አላርም የማይሰሙት ስለማይጨነቁ አይደለም፤ ጆሯቸው ራሱን ስለሚያድን ነው። በመሣሪያችሁ ላይ በሰዓት ስንት ጊዜ የውሸት እንደሚጮኽ ወስኑ፤ የገጸ ባሕሪያችሁ ድካም ከዚያ ይጀምራል።

ዳሳሹም ይሳሳታል። ጣት ላይ ተሰክቶ የደም ኦክስጅን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር መሠረቱን ያገኘው በ1970ዎቹ ከጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩኦ አዮያጊ ነው፤ ድንቅ ሥራ ነው። ግን ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ስለሚለካ፣ ቆዳው የጠቆረ ሰው ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው አብልጦ የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ በ2020 የታተመ ጥናት ጉዳዩን በሰፊው አሳወቀ። ስክሪኑ 92 ይላል፣ ሰውየው እየታፈነ ነው። የወደፊቱን መሣሪያ ስትፈጥሩ ማንን ለክተው እንደሠሩት ጠይቁ፤ ማን ላይ እንደሚሳሳት ያኔ ታውቃላችሁ።

ሶፍትዌር ካለውማ የቴራክ-25ን ጉዳይ ማወቅ አለባችሁ። የጨረር ሕክምና መሣሪያ ነበር። ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ቢያንስ 6 ታማሚዎች ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር ለቀቀ፤ የሞቱም አሉ። ባለሙያዋ የጻፈችውን ትእዛዝ በፍጥነት ስታርም ሶፍትዌሩ ለውጡን በትክክል ሳይከተል ይቀር ነበር። ስክሪኑ የሚያወጣው «ማልፋንክሽን 54» የሚል ብቻ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ የለም፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖም መቀጠል ይቻል ነበር። ለመሣሪያችሁ እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር ስጡት። ማንም ትርጉሙን አይወቅ፣ ሁሉም ማለፊያ ቁልፉን መጫን ይልመድ።

መብራት ሲጠፋ

ማንኛውንም የሕክምና መሣሪያ ስረከብ መጀመሪያ የማደርገው ሶኬቱን መንቀል ነው። ሻጮች ይደነግጣሉ። ባትሪው ስንት ደቂቃ ይቆያል? ሲሞት እንዴት ይሞታል፣ ቀስ ብሎ ወይስ ድንገት? የበሩ ቁልፍ መብራት ሲጠፋ ይከፈታል ወይስ ይቆለፋል? በተለይ ይህ የመጨረሻው ለእናንተ ነው። የሚከፈት ከሆነ መርከቡን አስይዛችኋል፤ የሚቆለፍ ከሆነ ውስጥ ያለውን ሰው ቀብራችኋል። የሠራው መሐንዲስ አንዱን መርጧል፤ ማን እንደሆነና ለምን እንደመረጠ ካወቃችሁ ግማሽ ታሪክ በእጃችሁ ነው።

ከዚያ የእጅ መሥሪያውን ፍጠሩ። በ1952 ኮፐንሀገን ውስጥ ፖሊዮ ሲበረታ መተንፈስ ያቃታቸው ታማሚዎች ከመሣሪያው በላይ ሆኑ። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ ሐኪም ጉሮሯቸው ላይ ቱቦ አስገብቶ በጎማ ከረጢት አየር በእጅ መግፋትን አሳየ። 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ ለወራት ከረጢት ጨመቁ። አንድ ተማሪ፣ አንድ ታማሚ፣ አንድ ከረጢት፤ ከሌሊት እስከ ንጋት። ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ከዚያ ሌሊት ነው የተወለደው። በቀፎዬ ጎን የምትታጠፍ እጀታ ያስቀመጥኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ፋኑን በእጅ የምታዞር። በደቂቃ 40 ዙር። ከዚያ ካነሰ የግፊት መፈተሻው ክር ወደ ውስጥ መሳቡን ያቆማል።

ታሪኩ አሁን ይህን ይመስላል፦ ኃይል ተቋርጧል፣ ነርሷ እጀታውን ታዞራለች፣ ሽማግሌው በመስታወቱ ውስጥ ሆነው ይቆጥሩላታል። 38 ሲሉ ትፈጥናለች። የመሣሪያውን አሠራር በአንድም ዓረፍተ ነገር አላብራራሁም፤ አንባቢው ከቆጠራው ይረዳዋል።

አራተኛውን ረቂቅ ባለፈው ሳምንት ለሲስተር ሰጠኋቸው። ትናንት መለሱልኝ። ገጽ 7 ኅዳግ ላይ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «እሷስ መቼ ትሸናለች?»